ሰሌዳው «መጥፎ» ሲልዎ፦ የመኪና ጭስ ችግርና መፍትሄ

እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ዴንቨር ውስጥ አውራ ጎዳና ዳር የተተከለ ሰሌዳ የሚያልፈውን መኪና ጭስ እየለካ ለአሽከርካሪው «ጥሩ»፣ «መካከለኛ» ወይም «መጥፎ» ብሎ ያሳይ ነበር። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ስቴድማንና ባልደረቦቹ የሠሩት መሣሪያ መንገዱን በሚያቋርጥ ጨረር ከኋላ የሚቀረውን ጭስ ይመረምራል። ዛሬም በኮሎራዶ መንገድ ዳር የሚቆሙ ቫኖች በዚህ ዘዴ ይለካሉ፤ ሁለት ጊዜ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ መኪና ከጭስ ምርመራ ጣቢያ ወረፋ ሊድን ይችላል። ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ በመኪና ለሚተዳደሩ ወገኖቻችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ውጤቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከከፋ

ልኬቱ የአንድ ቅጽበት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ካለፉ ወይም በዚያች ሰከንድ ነዳጅ በኃይል ከረገጡ ጤነኛ መኪናም መጥፎ ሊባል ይችላል። ገንዘብ አያውጡ፤ ሞተሩ ሲሞቅ በዝግታ እየጨመሩ እንደገና ይለፉ።

በምርመራው ውጤት ካርቦን ሞኖክሳይድ (ነዳጅ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣ መርዛማ ጋዝ) ደጋግሞ ከበዛ

ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ቤንዚን እየተቀበለ ነው፤ የከፈሉበት ነዳጅ በጭስ ማውጫው እየወጣ ነው ማለት ነው። ካንዴላ አስፈትተው ጫፉን ይዩ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ጥርጣሬው ትክክል ነው። ቅድሚያ የአየር ማጣሪያው ይታይ፤ ቀጥሎ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰርና የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው ክፍል)። የሙቀት ሴንሰሩን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ሲበላሽ የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ እንደሆነ ሊቆጥርና ነዳጅ ሊያበዛ ይችላል። ዋጋው ግን ትንሽ ነው።

ጭሱን የሚያጠራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር በመጨረሻ ያስቀይሩ። ያበላሸው ምክንያት ሳይጠገን አዲስ ቢገጠም እሱም ይቃጠላል። መካኒኩ ሳይመረምር «ኮንቨርተር ነው» ካለዎት ሌላ ጋራዥ ይሞክሩ።

ሃይድሮካርቦን (ያልተቃጠለ ነዳጅ) ከበዛና ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ

አንዱ ሲሊንደር አልተቀጣጠለም፤ ካንዴላውን ወይም ለእሱ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል ይቀይሩ። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን መንዳቱን ያቁሙ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ኮንቨርተሩን አግሎ ያቀልጠዋል።

ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲበዛ ቃጠሎው ከመጠን በላይ ሞቋል፤ የማቀዝቀዣውን ውሃና ጭስ ወደ ሞተር የሚመልሰውን ቫልቭ ያስፈትሹ።

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ከጥገና በኋላ

የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የስህተት ኮድ አስጠፍተው በቀጥታ ወደ ምርመራ ጣቢያ አይሂዱ። ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ እስኪጨርስ በከተማም በአውራ ጎዳናም ጥቂት ቀናት መንዳት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ጣቢያው ሊመልስዎ ይችላል።