የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን አስመርምሩ

አገጭ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ የፊት ጥርሶች አልገጥም ብለው፣ ጆሮ ሥር ደግሞ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚያም ከሆነ ቀዶ ሕክምና ለመግባት አትቸኩሉ። የጎጃም ገበሬ ያውቀዋል፦ ምራኑ ከላላ ሞፈር ቢቀየርም ትልሙ አይቀናም። መንጋጋም እንደዚያው ነው። አጥንቱ ተቆርጦ በልኩ ቢቀመጥም፣ ጆሮ ፊት ለፊት ያለው መገጣጠሚያ ገና እየተበላ ከሆነ የፊት ጥርሶቹ ተመልሰው አልገጥም ይላሉ። እህቴ የደረሰባት ይኸው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት መገጣጠሚያዋን ያየላት ሰው አልነበረም፤ ዓመት ሳይሞላ ክር በጥርሷ መበጠስ አቃታት።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ እዩት። ሦስት ጣታችሁን ደርድራችሁ በላይና በታች የፊት ጥርሶች መካከል አስገቡ። ካልገባ፣ ወይም አፍ ሲከፈት አገጩ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ጻፉት። የድሮ ፎቶም ፈልጉ። በተለይ ወጣት ሴቶች ላይ ያለ ምንም አደጋ የመገጣጠሚያው አጥንት እየሟሸሸ አገጭን የሚያሸሽ ሕመም ስላለ፣ የዓመታት ፎቶ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። በልጅነቱ ወድቆ አገጩን የተመታ ሰው ደግሞ መገጣጠሚያው ተጣብቆ አፉ ቀስ በቀስ ሊቆለፍ ይችላል። እባካችሁ ይህን ለወጌሻ አትስጡ፤ የተጣበቀ መገጣጠሚያ በጉልበት ሲከፈት መንጋጋው ሊሰበር ይችላል።

ከዚያ ሪፈር አጽፉ። ከቡሬም ከደብረ ማርቆስም ብትነሱ ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ጠይቁ። ተራ ራጅ ብቻውን አይበቃም። የአጥንቱን ቅርጽ ሲቲ ስካን ያሳያል፣ በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ያለችውን ዲስክ ግን ኤምአርአይ ነው የሚያሳየው። የቁርጥማት የደም ምርመራም ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የመገጣጠሚያው መበላት ቆሟል ወይስ አልቆመም?» ካልቆመ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ተጠብቆ ምስሉ ይደገማል። ከቆመ ሽቦ ታስሮ ጥርሱ ይደረደራል፣ ከዚያ መንጋጋው ይስተካከላል። ጨርሶ የተበላሸ መገጣጠሚያ ከጎድን አጥንት በሚወሰድ ቁራጭ ወይም በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይተካል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሳምንታት አጥሚት፣ ሾርባና ቀጠን ያለ ሽሮ ነው። ጠያቂ ያመጣውን ቆሎ ለቤተሰብ ስጡ። የተጣበቀ መገጣጠሚያ ለተከፈተለት ሰው አፍ የመክፈት ልምምዱ ለወራት ይቀጥላል፣ ሕመሙን ፈርታችሁ ካቆማችሁ ተመልሶ ይቆለፋል። በየሳምንቱ ስንት ጣት እንደገባ ጻፉና ለቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ።