የኃይል መሠረተ ልማት በማን ቁጥጥር ሥር እንዳለ እንዴት ይጣራል?

አንድ የውጭ መንግሥት በሌላ አገር የጋዝ፣ የነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ አቅርቦት ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ለማጣራት የሚነሳ ጋዜጠኛ ወይም ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአክሲዮን ድርሻ ነው። ጅምሩ ትክክል ቢሆንም እዚያው ላይ ማቆም ያሳስታል፤ ዋናው ጉዳይ በችግር ጊዜ መስመሩን የመዝጋት ወይም ማከማቻውን ባዶ የማስቀረት ውሳኔ የማን ነው የሚለው ነውና። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የባለቤትነቱን ሰንሰለት እስከ ላይኛው ጫፍ መከተል ያስፈልጋል። ጋዝፕሮም ጀርማኒያ ዋና መሥሪያ ቤቱ በርሊን የሆነና በጀርመን ሕግ የተመዘገበ ኩባንያ ስለነበር፣ ከበላዩ ያለውን ባለቤት፣ ማለትም የሩሲያን የመንግሥት ጋዝ ኩባንያ ጋዝፕሮምን፣ ያልፈለገ ሰው እንደ አገር ውስጥ ድርጅት ሊቆጥረው ይችል ነበር። አነስተኛ ድርሻም በቸልታ አይታለፍም። የቻይናው ስቴት ግሪድ በ2012 ከፖርቱጋል የኃይል ማስተላለፊያ ድርጅት 25 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ ከግሪኩ 24 በመቶ የገዛው ሁለቱ አገሮች በዕዳ ተጨንቀው የመንግሥት ንብረት በሚሸጡበት ወቅት ነበር፤ ስለዚህ ሽያጩ የተፈጸመበትን ሁኔታ መመዝገብ መቶኛውን ከመመዝገብ ያነሰ ጥቅም የለውም። ጀርመን ግን በ2018 ይኸው የቻይና ኩባንያ ከኃይል ማስተላለፊያ ድርጅቷ ከፊፍቲኸርዝ 20 በመቶ ሊገዛ ሲል ድርሻው በመንግሥት የልማት ባንኳ እንዲያዝ አደረገች።

ቀጥሎ የዕለት ተዕለት ውሳኔው ይመረመራል፤ በእኔ ግምት ብዙ ጥናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ጀርመን የሚገኘውና ወደ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የሬደን የጋዝ ማከማቻ፣ ከአገሪቱ የማከማቻ አቅም አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚሸፍን ሲሆን፣ በ2015 ከጀርመን ኩባንያ ጋር በተደረገ የንብረት ልውውጥ ሕግን ተከትሎ ለጋዝፕሮም ተላለፈ። በ2021 የአውሮፓ የብርድ ወቅት ሊገባ ሲል ማከማቻው ባዶ ሊባል በሚችል ደረጃ ላይ ቆየ፤ ባለቤቱን እንዲሞላ የሚያስገድድ ሕግም አልነበረም። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ በሚያዝያ 2022 ጋዝፕሮም ጀርማኒያ በጀርመን መንግሥት ሞግዚትነት ሥር ገባ፣ ማከማቻዎች በተወሰነ መጠን እንዲሞሉ የሚያዝ ሕግ ወጣ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ድርጅቱ ተወረሰ። እንግዲህ አጣሪው ማከማቻው ምን ያህል ይይዛል ከሚለው ይልቅ አሁን ምን ያህል ይዟል የሚለውን ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር አለበት፤ የአውሮፓ ማከማቻዎች መረጃ በየቀኑ ለሕዝብ ይፋ ስለሚደረግ ሥራው አዳጋች አይደለም።

የአክሲዮን መዝገብ ፈጽሞ የማያሳየው ጥገኝነትም አለ። ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ የኤሌክትሪክ መረባቸው ባለቤቶች ራሳቸው ቢሆኑም የመረቡ ፍሪኩዌንሲ (የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሴኮንድ የሚመላለስበት መጠን) የሚጠበቀው ከሞስኮ ነበር፤ ከዚህ የተላቀቁት የካቲት 2025 ላይ መስመራቸውን ቆርጠው በማግሥቱ በፖላንድ በኩል ከአውሮፓ መረብ ጋር ሲገናኙ ነው። ስለዚህ የመቆጣጠሪያ ማዕከሉ የት እንዳለ መጠየቅ ግድ ነው። ሊትዌኒያ በ2014 ፈሳሽ ጋዝ የምታስገባበትን መርከብ ክላይፔዳ ወደብ ላይ አቁማ በቀጣዩ ዓመት የግዴታ ውትድርናን የመለሰችው፣ የአቅርቦቱንና የሠራዊቱን ጉዳይ ለያይታ ስላላየች ይመስለኛል።

በመጨረሻ አማራጭ መንገድ መኖሩና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል ይታያል። ነዳጅዋ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚገባላትን ኢትዮጵያን የሚያጠና ሰው፣ የተርሚናሉን አስተዳዳሪ፣ የውሉን ማብቂያ ጊዜና አገር ውስጥ ያለው መጠባበቂያ ስንት ቀን እንደሚያቆይ በሰነድ ሳያረጋግጥ ስለ ሥጋቱ መጠን መጻፍ የለበትም።