ቤዙ የት ገባ? በእጅ የተሠራ የቤዝ ጊታር ሳጥን ችግርና መፍትሄ

ሦስት ጓደኛሞች ነን። የየራሳችንን የቤዝ ሳጥን ሠርተን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተገናኘን። አንዱ ባለ 15 ኢንች ስፒከር፣ አንዱ ባለ ሁለት 10፣ የኔ ደግሞ ባለ 12 ነበር። እየተፈራረቅን ተጫወትን። የኔ ተሸነፈ። «ድምፁ ታፍኗል» አሉኝ። ሌሊቱን አዲስ ንድፍ ስስል አደርኩ። ጠዋት ኮምፔርሳቶ ልገዛ መርካቶ ልወርድ ስል አንደኛው ደወለና «ቆይ እስቲ፣ ድምፃቸውን እኩል አድርገን ነው የሰማናቸው?» አለኝ። አላደረግንም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኩል አድርገን ስንሰማ ከልዩነቱ ግማሹ ጠፋ። የቀረው ግማሽ ደግሞ ከጀርባ፣ ገመዱ በሚሰካበት በጃኩ ዙሪያ የሚያፈተልክ አየር ሆኖ ተገኘ። ያ ሳጥን ዛሬም አለ፤ አንድም እንጨት አልተቀየረለትም።

ስለዚህ መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ሽቦውን፣ አየሩንና ክፍሉን ፈትሹ። እኛን ደጋግመው ያጋጠሙን ችግሮች እነዚህ ናቸው።

«የጓደኛዬ ሳጥን ከኔ ይበልጣል»

ጆሯችን ጮክ ያለውን «የተሻለ» ይለዋል። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ሲሆን «ይሄኛው ይጮሃል» አንልም። «ይሄኛው ሙሉ ነው፣ ሕይወት አለው» ነው የምንለው። በዚያ ላይ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቤዙን ነው። ዝቅ ብሎ የተሰማው ሳጥን ቤዝ የሌለው ይመስላል።

ስፒከር ሲገዛ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አብሮት ይመጣል። 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ የሚናገር ነው። አንዱ 94፣ ሌላው 97 ከሆነ፣ ባለ 94ቱ እኩል ለመጮህ እጥፍ ዋት ይፈልጋል። የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ሳትነኩ ገመድ ብቻ እየቀያየራችሁ ከሰማችሁ ውድድሩ ገና ሳይጀመር አልቋል።

እኛ አሁን እንዲህ እናደርጋለን። አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ገመድ። ከስልክ ላይ ፒንክ ኖይዝ እንለቃለን፤ እንደ ዝናብ ሽሽ የሚለው ድምፅ ነው። ሌላ ስልክ ላይ ዴሲቤል የሚለካ አፕ ከፍተን ከሳጥኑ 1 ሜትር እናስቀምጠዋለን። የስልክ ቁጥር በራሱ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ለማነጻጸር ግን ይበቃል። ሁሉም ሳጥን አንድ ቁጥር ላይ እስኪደርስ ድምፁን እናስተካክላለን፤ የእያንዳንዱን የቁልፍ ቦታ በእስክርቢቶ እንጽፋለን።

ቦታውም አንድ መሆን አለበት። ጎን ለጎን ከደረደራችኋቸው ለክፍሉ ማዕዘን የቀረበው ቤዝ ይጨምርለታል። አድካሚ ቢሆንም እያነሳችሁ እዚያችው ቦታ አስቀምጡ። የሚጫወተው ሰው እጅም ሳያውቅ ይለወጣል፤ የራሱ ሳጥን ላይ ሲደርስ አጥብቆ ይመታል። ሉፐር (የተጫወታችሁትን ቀድቶ የሚደጋግም መሣሪያ) ካላችሁ አንድ ሐረግ ቅዱና እሱን አጫውቱ። ስስ ጨርቅም ጋርዱበት። የትኛው የማን እንደሆነ ሳታውቁ ስትሰሙ የምትሰጡት አስተያየት በጣም ይገርማችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብቻውን ሲሰማ ወፍራምና የሚጥም ድምፅ ከበሮና ኪቦርድ ሲገባበት ብዙ ጊዜ ይሰወራል። የመጨረሻውን ፍርድ ከባንድ ጋር ስጡ።

ሁለት ስፒከር አለው፣ ቤዝ ግን የለውም

ድምፁ ቀጭን ነው። የአንዱን ስፒከር ሽቦ ስትነቅሉ ጭራሽ ቤዙ ይጨምራል። ይሄ ከሆነ ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገላብጧል። ታችኛው ድምፅ ላይ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ።

1.5 ቮልት ባትሪ ውሰዱ። የባትሪውን ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ቀይ ጋር፣ ኔጋቲቩን ከጥቁሩ ጋር ለቅጽበት አነካኩ። ኮኑ፣ ማለትም የስፒከሩ ተንቀሳቃሽ ወረቀት፣ ወደ ፊት ከዘለለ ልክ ነው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ካልዘለሉ የአንዱን ሽቦ ገልብጡ፤ በቃ።

የሁለት ሰው ሳጥን አንድ ላይ ስታገናኙም ይህንን ፈትሹ። የቆዩ የጄቢኤል ስፒከሮች ላይ ፖዘቲቭ ከቀዩ ጋር ሲነካ ኮኑ የሚሄደው ወደ ውስጥ ነው። ከአዲስ ስፒከር ጋር «በትክክል» ቢያያዙም ይጣላሉ። ቀለሙን ሳይሆን ባትሪውን እመኑ።

ፉፉ የሚል ትንፋሽ

ዝቅ ያለ ኖታ ሲመታ እንደ ትንፋሽ ወይም እንደ ፉጨት ያለ ነገር ይሰማል። ሳጥኑ ያፈሳል። ድፍን ሳጥን (የአየር ቱቦ የሌለው) ከሆነ ኮኑን በጣቶቻችሁ እኩል፣ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉትና ልቀቁት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ አየሩ ታሽጓል። ቶሎ ብድግ ካለ ቀዳዳ አለ።

ቀዳዳውን ለማግኘት ዕጣን አጭሱ። ቀልዴን አይደለም። ከስልክ አፕ 40 ኸርዝ (በሴኮንድ 40 ንዝረት) አካባቢ የሆነ ወጥ ድምፅ ልቀቁና ጭሱን በየመጋጠሚያው፣ በእጀታው፣ በጃኩ ዙሪያ አዙሩት። ጭሱ የሚርገበገብበት ቦታ ነው። ከኮኑ ግን ፍሙን አርቁ፤ ወረቀት ነው።

መጋጠሚያውን ከውስጥ በኮላ ወይም በሲሊኮን ድፈኑ። ስፒከሩንና የጃኩን ሳህን ስትገጥሙ የመስኮት ስፖንጅ ከሥር አድርጉ። ሲሊኮኑ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ ስፒከሩን አትመልሱ፤ ብዙዎቹ ሲደርቁ የሚያወጡት የአሲድ ሽታ ለብረቱም ለሽቦውም ጥሩ አይደለም።

አንድ ኖታ ብቻ ጎልቶ ይጮሃል

ሁሉም ኖታ ደህና ነው፤ አንዱ ላይ ስትደርሱ ግን ቤቱ ይናጋል። ሳጥኑን ወደ ግቢ አውጡት። ውጭ ላይ ከጠፋ ጥፋቱ የክፍሉ ነው፤ ከግድግዳና ከማዕዘን አርቁት። ውጭም ካለ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው።

የአየር ቱቦ ያለው ሳጥን ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቱቦው አጭር ሆኖ ሳጥኑ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ መቃኘቱን ነው። የት እንደተቃኘ ለማወቅ ከስልኩ ድምፁን ከ80 ኸርዝ ጀምራችሁ በቀስታ ወደ ታች አውርዱና ኮኑን ተመልከቱ። ኮኑ ሊቆም ጥቂት ሲቀረው፣ ከቱቦው ግን ነፋስ በደንብ ሲወጣ፣ መቃኛው እዚያ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። 60 ሊትር ሳጥን ላይ የውስጥ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ብትገጥሙ ወደ 47 ኸርዝ ገደማ ይቃኛል። ቱቦውን 17 ሳንቲ ሜትር ብታደርጉት ወደ 40 ይወርዳል። የ7 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ዋጋ ከአዲስ ሳጥን ጋር አይወዳደርም። ቱቦውን ከመጀመሪያው አታጣብቁት፤ እየለካችሁ፣ እየቆረጣችሁ አስተካክሉ።

ታችኛው ክር ላይ ኮኑ ይንጠፋጠፋል

የባለ 4 ክር ቤዝ ታችኛው ኢ 41 ኸርዝ ነው። የባለ 5 ክሩ ቢ ደግሞ 31 ገደማ። ቱቦ ያለው ሳጥን ከተቃኘበት በታች ሲጫወቱበት በኮኑ ጀርባ የሚይዘው አየር የለም። ኮኑ እንደልቡ ይሮጣል፤ ከመንገዱ ጫፍ ሲደርስ ይንጠፋጠፋል። ስፒከሩ ላይ «300 ዋት» ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ያ ሽቦው የሚችለው ሙቀት ነው። ታችኛው ኖታ ላይ ኮኑ ከዚያ በጣም ባነሰ ዋት መንገዱን ሊጨርስ ይችላል።

መጀመሪያ የቤዝ ቁልፉን ወደ መሃል መልሱ። 6 ዴሲቤል መጨመር 4 እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው። ቀጥሎ ከ30 ወይም ከ35 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ሃይ ፓስ ፊልተር ከአምፕሊፋየሩ በፊት አስገቡ። ለቤዝ ተጫዋች ከዚህ የተሻለ ግዢ የለም ብዬ አምናለሁ።

ወደ ታች የመውረድ ጉጉታችንንም ማብረድ አለብን። በ1969 ከአምፔግ ኤስቪቲ አምፕሊፋየር ጋር የወጣው ባለ ስምንት 10 ኢንች ሳጥን የሮክ ቤዝ ድምፅ መለኪያ ሆኖ ኖሯል። ድፍን ሳጥን ነው። በኋላ የተሠራው የዚሁ ሳጥን ዝርዝር ግን 58 ኸርዝ ላይ መውረድ እንደሚጀምርና 40 ላይ 10 ዴሲቤል እንደሚያንስ ይናገራል። ታዲያ ኢ ክሩ እንዴት ይሰማል? ከክሩ ጋር 82ም፣ 123ም አብረው ይወጣሉ፤ ጆሮ ከእነሱ ተነስቶ ታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ ብዙ ጩኸት ሦስቱ አንድ ላይ አይገኙም። ሁለቱን ምረጡ።

ዋት ይበላል፣ ድምፅ አይሰጥም

የመኪና ሰብዉፈር ገዝቶ የቤዝ ሳጥን መሥራት የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ስህተት ነው። ኮኑ ከባድ ነው፤ ትንሽ ሳጥን ውስጥ በጣም ወደ ታች እንዲወርድ ታስቦ የተሠራ ነው። ብዙዎቹ ሴንሲቲቪቲያቸው 85 ገደማ ነው። ለሙዚቃ መሣሪያ የተሠራ ስፒከር 97 ይሆናል። የ12 ዴሲቤል ልዩነት ማለት 16 እጥፍ ዋት ነው። በተጨማሪ መካከለኛውን ድምፅ ስለማያወጣ ጣታችሁ ክሩን ሲነካ አይሰማም። ጭቃ ነው የሚሆነው።

ሳጥን በማሳመር አይድንም። ከሞተ ሞንታርቦ የወጣ ጤነኛ ስፒከር ይሻላል። ለዚያም ኤፍኤስ፣ ኪውቲኤስና ቪኤኤስ የሚባሉትን የስፒከሩን ባህርይ የሚናገሩ ቁጥሮች ፈልጉለት። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961፣ ከዚያም ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስቀመጡት ስሌት በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው የሚቆመው። ዊንአይኤስዲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቁጥሮቹን ተቀብሎ የሳጥኑን ልክ ያወጣላችኋል።

ይንቀጫቀጫል

ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ፍርግርጉን አውልቃችሁ ሞክሩ፣ ውስጥ ያለው ሽቦ ኮኑን እንዳይነካ እሰሩት። ካልጠፋ የሳጥኑን ጎን በጣታችሁ አንኳኩ። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ማገር ይፈልጋል። ቤት ያለ ማገር እንደማይቆም ሳጥንም እንደዚያው ነው። ማገሩን ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን አድርጋችሁ በኮላ አጣብቁት። በደንብ የተማገረ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ካልተማገረ 18 ሚሊ ሜትር ይሻላል፤ ለተሸካሚውም ወገብ ደግ ነው። ቺፕውድን ግን አልመክርም። እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ብሎንም አይዝም።

አምፕሊፋየሩ ይግላል ወይም ይጠፋል

ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚከለክልበት መጠን ነው። ሁለት 8 ኦም ስፒከር በፓራለል፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ሲታሰሩ 4 ኦም ነው። የጓደኛ 4 ኦም ሳጥን ከጨመራችሁበት 2 ሆነ፤ ብዙ አምፕሊፋየር ይህን አይችልም። በቴስተር ለኩ። 8 ኦም የተባለው ስፒከር 6 ገደማ ያሳያል፤ ጤነኛ ነው። የጊታር ገመድንም ለስፒከር አትጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ቀጭን ነው።

ፊት ለፊት ጥርት ያለ፣ ጎን ላይ ድፍን

ባለ ሁለት 10 ሳጥን ስፒከሮቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ መካከለኛው ድምፅ ወደ ግራና ቀኝ ይጠባል። ሳጥኑን አቁሙት፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ይሁን። ከሥሩ የቢራ ሳጥን ብታደርጉ ደግሞ ድምፁ ከጉልበታችሁ ወደ ጆሯችሁ ይቀርባል። ከበሮ መቺውም ያመሰግናችኋል።

ንድፉ ልክ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ሌላ ሆነ

ዋሽንግተን ያለ ጓደኛችን የሚወደውን የድፍን ሳጥን ንድፍ ላከልን። በሚሊ ሜትር ሳናዛንፍ ሠራነው። እሱ ከሚለው ይልቅ ላላ ያለና ትንሽ ዝቅ ያለ ድምፅ ሰጠን። ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። በድፍን ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ ነው፤ እዚህ ሞላው ይላላል። ኮኑም እኩል እየተንቀሳቀሰ የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ 2 ዴሲቤል ገደማ እናጣለን።

ስለዚህ በባህር ወለል ሂሳብ 40 ሊትር የወጣለት ድፍን ሳጥን እዚህ 30 ሊትር ገደማ ቢሆን ያንኑ ጠንካራ ሞላ ያገኛል። የቱቦ ርዝመት ግን አይለወጥም። ቱቦ የሚቃኘው በድምፅ ፍጥነት ነው፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ደግሞ ሙቀት እንጂ የአየሩ መሳሳት አይደለም። እኛ ሳጥኑን አላፈረስነውም። ጥቂት የኮምፔርሳቶ ቁራጮች ውስጡ በኮላ አጣብቀን 10 ሊትሩን ሞላነው።