ባት ጨምድዶ ለሚይዘው ሰው ወክ እንዴት እንደሚደረግ

ትንሽ ሄድ ሲሉ ባታቸውን ጨምድዶ የሚይዛቸው ቆም ሲሉ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቃቸው ሰዎች አሉ፣ ባህር ዳር ላይ ይሄ "ብርድ መታኝ" ወይ "ቁርጥማት ነው" ይባልና በቅባት ይታሻል። ግን በተለይ ስኳር ያለበት ወይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከሆነ የእግሩ ደም ስር ጠቦ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። የክንድና የቁርጭምጭሚት ግፊት ይለኩና የእግሩ ለክንዱ ይካፈላል፣ 0.90 ወይ ከዛ በታች ከመጣ ደም ስሩ ጠቧል ማለት ነው። ተኝታችሁም የሚያማችሁ ከሆነ ወይ እግር ላይ የማይድን ቁስል ካለ ወክ አትጀምሩ፣ እግር በድንገት ከቀዘቀዘ ከነጣ ከደነዘዘ ደግሞ ነገ አይባልም በዛው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ከተፈቀደላችሁ ሐይቅ ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ አሪፍ ነው፣ ሜዳ ነው ጥላም አለው፣ የቤዛዊትን ዳገት ለጊዜው ተዉት። በማለዳ ውጡ፣ በተለይ ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ አይቻልም። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ባታችሁን ማመም እንዲጀምር አድርጋችሁ ፈጠን በሉ፣ ሲጀምራችሁ አትቁሙ ጠንከር እስኪል ሂዱ፣ ከዛ አግዳሚ ላይ ቁጭ በሉና ሙሉ በሙሉ ሲለቃችሁ እንደገና ተነሱ። እረፍቱን ጨምሮ በ30 ደቂቃ ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ወደ 45፣ ከቻላችሁም ወደ 60 አድርሱት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ቢያንስ 12 ሳምንት። ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ጋ ነው፣ ህመሙ ጉዳት ይመስለዋል።

እውነት ለመናገር ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም። ደም ያጠረው ጡንቻ ሲሠራ ቆይቶ ደሙ ሲመለስለት የኢንፍላሜሽን (የብግነት) ምልክቶች ደም ውስጥ ለአጭር ጊዜ ከፍ ሊሉ ይችላሉ። ለሳምንታት ሲደጋገም ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ደሙ በፍጥነት ሲፈስ የደም ስሩ የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፣ እሱ ደም ስሩን ያላላዋል፣ ነጭ የደም ሴሎችም ግድግዳው ላይ እንዳይለጠፉ ያግዛል፣ ብግነቱ የሚጀምረው ደግሞ እነሱ ሲለጠፉ ነው። ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራም በአንዳንዱ ሰው ይወርዳል፣ በሁሉም ግን አይደለም። የቁርጭምጭሚቱ ቁጥር ብዙም ባይቀየር አትደንግጡ፣ የጠበበው ቦታ በወክ አይከፈትም፣ ጡንቻው የደረሰውን ኦክስጅን በደንብ መጠቀም ስለሚለምድ ነው ሳትቆሙ የምትሄዱት ርቀት የሚረዝመው።

ሲጋራ እያጨሱ ወክ ማድረግ ግን ራስን መሸወድ ነው፣ ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) እና አስፕሪን የታዘዘላችሁም "ወክ ጀምሬአለሁ" ብላችሁ እንዳታቋርጡ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ በጾም ሰሞን ባዶ ሆዳችሁን አትውጡ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። በሸበጥ አይሆንም፣ ካልሲና የተዘጋ ጫማ አድርጉ፣ ማታ ስትታጠቡ ደግሞ በጣቶቻችሁ መሀልና ተረከዛችሁ ላይ የተላጠ ወይ የቀላ ነገር ካለ እዩ፣ ጎንበስ ማለት ለሚከብዳችሁ መስታወት መሬት ላይ አድርጎ ማየት ይቻላል።