ባህሩ እየመጣባቸው ወዳሉ መዝናኛዎች ከሐዋሳ ስትሄዱ፦ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት

እቁብ ደርሷችሁ ወይም ለጫጉላ ብላችሁ ዛንዚባርን፣ ሞምባሳን፣ አለፍ ሲልም ማልዲቭስን እያሰባችሁ ከሆነ ይህን አንብቡ። የእኛ ሐይቅ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከፍ ይላል፣ በበጋው ዝቅ ይላል፣ በቃ። ውቅያኖስ ግን በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይሞላል፣ ይሸሻል። ዓለም ስትሞቅ ደግሞ የባህሩ ውሃ ራሱ ሙቀት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ የየብስ በረዶም ቀልጦ ይገባበታል። ከ1900 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የዓለም ባህር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ትንሽ ይመስላል። ዝርግ አሸዋ ላይ ግን ውሃው ወደ ውስጥ ብዙ ሜትር ይገባል።

መጀመሪያ የሆቴሉን ፎቶ አትመኑ። መቼ እንደተነሳ አታውቁም። ኮምፒውተር ላይ ጉግል ኧርዝን ክፈቱና የድሮ የሳተላይት ምስሎችን ከአሁኑ ጋር አስተያዩ። በሆቴሉና በውሃው መሃል የነበረው አሸዋ አሁንም አለ? ግንብ ወይም የአሸዋ ከረጢት ክምር ካያችሁ ባህሩ ቦታውን እየበላው መሆኑን ጠርጥሩ። ግንብ ሆቴሉን ያድን ይሆናል፣ ዳርቻውን ግን ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል፤ ማዕበሉ ግንቡን መትቶ ሲመለስ አሸዋውን ጠርጎ ይሄዳል፣ የጎረቤትንም ጭምር። ስለዚህ ከውሃው ራቅ ብሎ የተሠራ፣ ፊት ለፊቱ ዛፍ ያልተቆረጠበት ማረፊያ ምረጡ። ከዚያ በዋትሳፕ ጻፉላቸውና በቀጥታ ጠይቁ፦ «ባህሩ ሲሞላ የምንቀመጥበት አሸዋ ይቀራል?» መልሱን ካድበሰበሱት ሌላ ፈልጉ።

ቀን ስትመርጡ ጨረቃዋን እዩ። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ አካባቢ ሙላቱም ሽሽቱም ይበረታል። ዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ ላይ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ባህሩ በጣም ርቆ ስለሚሸሽ ዋና የሚቻለው ሲሞላ ነው፤ ሰሜን ላይ ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻላሉ። ከማርች እስከ ሜይ ያለው ከባድ ዝናብ ነው፣ ተዉት።

ኮራል ነገር ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ድንጋይ ይመስለዋል። ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ በውስጡ የሚኖሩትንና የሚመግቡትን ተክል መሰል ጥቃቅን አልጌዎች ያስወጣቸዋል፣ ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። በ1998 እና በ2016 የሕንድ ውቅያኖስ ኮራል ክፉኛ ተመትቷል። ኮራል ደግሞ የማዕበሉን ጉልበት የሚሰብር አጥር ነው፤ እሱ ከሞተ ከኋላው ያለው መንደርም ሆቴልም ይጋለጣል። ስለዚህ አትርገጡት፣ ለማስታወሻ ብላችሁ አትግዙት፣ ጀልባ ስትከራዩም መልህቁን የት እንደሚጥሉ ጠይቁ። ኮራል ላይ ከሆነ እምቢ በሉ።

ማልዲቭስ አቅም ላለው ነው። መሬቱ ከባህር በላይ በአማካይ 1.5 ሜትር ብቻ ነው፤ በ2009 ሚኒስትሮቹ ዓለም እንዲሰማቸው ብለው ውሃ ውስጥ ጠልቀው ስብሰባ ተቀምጠዋል። እዚያ ከሄዳችሁ ሕዝቡ በሚኖርበት ደሴት፣ በነዋሪው እንግዳ ማረፊያ እደሩ፤ ገንዘባችሁ ቤቱ ለሚሰጋው ሰው ይድረስ። ውሃም ቆጥቡ፣ የጉድጓዱ ውሃ በጨው እየተበከለ ነው። ፓጄ ላይም የባህር አረም የሚያለሙ ሴቶች አሉ። ውሃው እየሞቀ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት አረም እየሞተባቸው ነው፤ ከአረሙ ሳሙና ሠርተው ሲሸጡ ካገኛችሁ ግዙ።

ጣሊያን ዘመድ ያላችሁ ቬኒስን በመኸር (ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር) አትምረጡ፣ የጎርፉ ወቅት እሱ ነው። ኖቬምበር 2019 ውሃው ከድሮው የባህር ልክ በላይ 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ከ2020 ጀምሮ ባህሩን የሚዘጋ ተንቀሳቃሽ ግድብ እየሠራ ነው፣ ቢሆንም በጸደይ (ከማርች እስከ ሜይ) ሂዱ።

አውሮፕላኑም ለሙቀቱ ድርሻ አለውና ሁለቴ አጭር ከመሄድ አንዴ ሄዳችሁ ሰንብቱ። ሊሰረዝ የሚችል ቦኪንግ ያዙ። ለዛንዚባር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የ44 ዶላር ኢንሹራንስ ግዴታ ሆኗል። የቢጫ ወባ ክትባቱን ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቡ፣ ካርዱን ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ።