ፊውዝ ቢት ስትነኩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝን ላስቀድም። ፊውዝ ቢት ማለት ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽዬ ኮምፒውተር ቺፕ) ክሎኩን ከየት እንደሚያገኝና ምን ምን እንደሚበራለት የሚወስን ሴቲንግ ነው። ኤቪአር በሚባሉት ቺፖች ላይ 0 ማለት በርቷል፣ 1 ማለት ጠፍቷል ነው። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) ፊውዙ «ፕሮግራም ተደርጓል» ካለ 0 ሆኗል ማለቱ ነው። ስንቴ ተናገርኩት መሰላችሁ፣ አሁንም ግን ሰው ቺፕ ይዞ ይመጣና ሞተብኝ ይለኛል፣ ምን ጻፍክበት ስለው ቢቶቹን ገልብጧቸው አገኛለሁ። አትሜጋ328ፒን እንውሰድ፣ ሃይ ፊውዙ (8 ቢት ያለው አንዱ የፊውዝ ባይት) ከፋብሪካ ሲመጣ በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ዲ9 ነው፣ ገልብጣችሁ 26 ከጻፋችሁበት ሪሴት ፒኑ (ቺፑን እንደገና የሚያስነሳው እግር) ተራ ፒን ይሆናል፣ ከዛ በኋላ በለመዳችሁት ፕሮግራመር (ኮድና ፊውዝ ቺፑ ላይ በሚጽፈው መሣሪያ) አይገባላችሁም፣ ሪሴቱ ላይ 12 ቮልት የሚሰጥ ሃይ ቮልቴጅ ፕሮግራመር መፈለግ ነው። እባካችሁ ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ባይነሪ ቀይሩትና እያንዳንዷን ቢት ከዳታሺቱ ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ፣ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

እኔም ሠርቼዋለሁ። ክሪስታል (ክሎኩን፣ ማለትም ቺፑ የሚሠራበትን ምት፣ ለማመንጨት ከውጭ የሚገጠም ዕቃ) ልመርጥ ብዬ የክሎክ ምርጫውን 4 ቢቶች 1111 ማድረግ ሲገባኝ 0000 አደረግኳቸው። 0000 ደግሞ ክሎኩ ከውጭ ተዘጋጅቶ ይመጣልሃል ማለት እንጂ ክሪስታል ማለት አይደለም፣ ቺፑ ጭጭ አለ። ሁለት ቺፕ እንደሞተ ቆጥሬ ጣልኩ። አልሞቱም ነበር! ከሌላ ቦርድ 1 ሜጋኸርዝ ስኩዌር ዌቭ (እየበራ የሚጠፋ ምልክት) ወደ ኤክስታል1፣ ባለ 28 እግሩ ላይ 9ኛው ፒን ማለት ነው፣ ብሰጠው ኖሮ ፊውዙን መልሼ መጻፍ እችል ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

አዲስ ቺፕ ገዝታችሁ 1 ሰከንድ ያላችሁት ኤልኢዲ 16 ሰከንድ ከቆየ፣ ሲሪያሉም የማይነበብ ነገር ከጻፈ ኮዱን አትበርብሩ። ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የውስጡን 8 ሜጋኸርዝ ለ8 አካፍሎ በ1 ሜጋኸርዝ ነው የሚሄደው፣ እናንተ ደግሞ ኮዱን ለ16 ሜጋኸርዝ ኮምፓይል አድርጋችኋል። በነገራችን ላይ የፕሮግራመሩም ፍጥነት ቺፑ ከሚሄድበት ክሎክ ሩብ በታች መሆን አለበት፣ «ቺፑ አይመልስልኝም» ከሚሉኝ ብዙዎቹ ችግራቸው ይሄው ነው።

ቺፑን ኢሬዝ ባደርገው (ውስጡ ያለውን ባጠፋው) ፊውዙም ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመለሳል ብላችሁ አታስቡ፣ አይመለስም፣ የሚመለሱት ሎክ ቢቶቹ (ኮዱን የሚቆልፉት) ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ያለውን አንብባችሁ ወረቀት ላይ ያዙት።

ዲበግዋየርን (በአንድ ሽቦ የኮድ ስህተት መፈለጊያውን) «እስቲ ልሞክረው» ብላችሁ አታብሩ፣ ሪሴት ፒኑን ስለሚወስደው በኤስፒአይ (የለመዳችሁት ፕሮግራመር በሚጠቀምበት መስመር) መጻፍ ይቆማል።

ብራውን አውቱን (ቮልቴጅ ሲወርድ ቺፑን ሪሴት የሚያደርገውን) አጥፍታችሁ ኢኢፕሮም (መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ሜሞሪ) ላይ ሴቲንግ የምታስቀምጡ፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ዳታው ሊበላሽባችሁ ይችላል፣ አብሩት።

ኤስቲኤም32ኤፍ4 በሚባለው ሌላ ዓይነት ቺፕ የምትሠሩ ደግሞ ኦፕሽን ባይት (የሱ ፊውዝ በሉት) ላይ የንባብ መከላከያውን ደረጃ 2 ለሙከራ ብላችሁ እንዳትነኩ። ከደረጃ 1 ወደ 0 ስትመለሱ ፍላሹ (ኮዱ ያለበት ሜሞሪ) ይጠፋል እንጂ ቺፑ ይተርፋል፣ በሄክስ ሲሲ ጽፋችሁ ደረጃ 2 ከገባችሁ ግን ዲበገሩም ኦፕሽን ባይቱም ለዘላለም ይዘጋሉ፣ 12 ቮልትም አያድናችሁም።