ዲግሪ አለ፣ ልምድ የለም፦ በጅማ የመጀመሪያውን የሂሳብ ሥራ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ማስታወቂያው መስታወት ላይ ተለጥፏል። «በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ 2 ዓመት።» ፊቱ የቆሙት ልጆች ሁሉ ዲግሪ አላቸው። 2 ዓመቱ ግን ማንም ጋ የለም።

እኔም እዚያ መስታወት ፊት ቆሜያለሁ። ከተመረቅኩ በኋላ 5 ወር ሲቪ ሳዞር ነው የከረምኩት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ «ስንት ኮፒ?» ማለቱን ትቶ ገና ስገባ 3 ማተም ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን አንድ ድርጅት ለፈተና ጠራኝ። የባንክ ስቴትመንትና የድርጅቱን የባንክ መዝገብ አስቀመጡልኝና «በል አስታርቃቸው» አሉኝ። ባንክ ሪኮንሲሌሽን ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቁኝ በቃሌ እወጣው ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን የትኛው ቼክ ተጽፎ ገና እንዳልተመነዘረ መለየት አቃተኝ። ግማሽ ሰዓት አፍጥጬበት ወጣሁ።

ቀጣሪ «ልምድ» ሲል የሚፈራው እንደዚያ ቀን ያለሁትን እኔን ነው፤ ደረሰኝ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ። ደረሰኝ ለመንካት ደግሞ የግድ መቀጠር አያስፈልግም።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን ጨርሱ

ይሄ አሰልቺ ነው፣ ቶሎ እንለፈው። ቴምፖ (ጊዜያዊው የዲግሪ ወረቀት)፣ ስቱደንት ኮፒ (የትምህርት ውጤት ዝርዝሩ)፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ መታወቂያ። በቴክኒክና ሙያ የተማራችሁ ሲኦሲውን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን፣ ጨምሩ። የወጪ መጋራት ዕዳ ስላለ ኦሪጅናሉ እጃችሁ ባይገባ አትጨነቁ፣ ለመጀመሪያ ሥራ ብዙ ቦታ ቴምፖ ይቀበላሉ።

ብዙዎች የሚረሱት ዋሱን ነው። ገንዘብ የሚነካ ሥራ ላይ ዋስ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ዋሱም ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። ፈተናውን አልፈው ዋስ አጥተው የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። አጎታችሁን ወይም የሠፈራችሁን አስተማሪ ከአሁኑ አናግሩ። ሥራው ከተገኘ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ ዋስ መለመን ሰው ፊት ያሳፍራል።

ቀጥሎ የአንድ ሱቅ የአንድ ወር ሂሳብ ሥሩ

እኔን ከቤት ያወጣኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ የሚነግድ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው የጅማ ልጅ ብዙ የለም። ሄዳችሁ እንዲህ በሏቸው፦ «ጋሼ፣ ያለፈውን ወር ደረሰኝ ልያዝልዎት። ገንዘብ አልፈልግም፣ ለመማር ነው።» መጀመሪያ በጥርጣሬ ያዩአችኋል። ለነጋዴ ደረሰኝ ማለት ግብር ነው፣ አይፈረድባቸውም። እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀምጣችሁ እንደምትሠሩና ምንም ወረቀት ይዛችሁ እንደማትወጡ ንገሯቸው።

የሚሰጣችሁ ፌስታል ነው። ውስጡ የተጨማደደ፣ ዘይት የነካው፣ ቀኑ የደበዘዘ ወረቀት ታገኛላችሁ። በ3 ክምር ለዩት። አንደኛው የሽያጭ፣ ማለትም ከካሽ ሬጂስተሩ በየቀኑ የሚወጣው ዜድ ሪፖርት። ሁለተኛው የግዢ ደረሰኝ። ሦስተኛው ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ እንደ ተሸካሚ፣ ጋሪና ሻይ ያለው። ይሄ ሦስተኛው ክምር ላይ ብዙ ትማራላችሁ፤ ክፍል ውስጥ ማንም ስለሱ አልነገራችሁም። ከዚያ በቀን በቀኑ ኤክሴል ላይ መዝግቡ። የዜድ ሪፖርቶቹን ድምር ባንክ ከገባው ጋር አስተያዩ። አይገጥምም። ለምን እንዳልገጠመ ጋሼን ጠይቁ። «እሱን ለልጄ ትምህርት ቤት ከፍዬ ነው» ሲሏችሁ፣ ባለቤቱ ለግሉ ያወጣው ገንዘብ ከሱቁ ወጪ ጋር እንደማይደመር ያኔ በደንብ ይገባችኋል።

ሠራተኛ ካላቸው ፔሮሉንም፣ ማለትም የደመወዝ ስሌቱን፣ ሥሩ። 10,000 ብር ደመወዝ እንውሰድ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ነጻ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፣ ከዚያ 3,000 በ20 በመቶ 600፣ የቀረው 3,000 በ25 በመቶ 750። ግብሩ 1,650 ብር ሆነ። ጡረታ 7 በመቶ 700 ብር። ሠራተኛው እጅ የሚገባው 7,650 ነው። አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ፣ 1,100 ብር ጡረታ ይጨምራል። ይቺን ፈተና ላይ በወረቀትና በእርሳስ ያዟችኋል፣ እጃችሁ ይልመዳት።

ሲያልቅ የሱቁንና የሰዎቹን ስም ቀይራችሁ አንድ ኮፒ ለራሳችሁ አስቀሩ። ከፈቀዱ ደግሞ የሠራችሁትንና ቀኑን ብቻ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ በማኅተማቸው ጠይቁ። አንድ ወር ከሠራችሁ አንድ ወር ይባል። የውሸት የ2 ዓመት ደብዳቤ የሚሸጡ አሉ፤ ቀጣሪው ስልክ ደውሎ ያጣራና ስማችሁ ይበላሻል። ጅማ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት።

ፒችትሪ

የሂሳብ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፣ እኛ ግን አሁንም ፒችትሪ እንላለን፤ ብዙ ማስታወቂያ ላይም አለ። ሰርተፍኬት ለመሰብሰብ 3 ቦታ አትመዝገቡ። ያንኑ የሱቁን ወር ፒችትሪ ላይ አስገቡት፣ በቂ ነው።

መቼና የት መጠየቅ

ሲቪ ማዞር ወቅት አለው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነጋዴው ሁሉ ግብር ለማሳወቅ ይሯሯጣል። የሂሳብ ሥራ የሚሠሩ ትናንሽ ቢሮዎች ያኔ ሰው ያጥራቸዋል። ሐምሌ ላይ ብትሄዱ ለማስተማር ጊዜ የላቸውም። ግንቦት ላይ ሂዱ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ አንዳንዱም የትራንስፖርት ብቻ ይሰጣል። ለ3 ወር ከሆነ እኔ ግቡ እላለሁ። 4ኛው ወር ላይም ያው ከሆነ ውጡ።

ሁለተኛው ወቅት የጅማ ልጅ በደጁ የሚያገኘው ነው፤ ቡና። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ አጋሮና ሊሙ ያሉት የእሸት ቡና ማጠቢያ ሳይቶች መዝጋቢና ገንዘብ ከፋይ ይፈልጋሉ። «ዲግሪ ይዤ ሚዛን ሥር ልቆም?» አትበሉ። ገበሬው እሸቱን ያስመዝናል፣ ኪሎው ይመዘገባል፣ ይከፈለዋል፣ ማታ ካዝናው ይቆጠራል። ከ6 ኪሎ ገደማ እሸት 1 ኪሎ ንጹህ ቡና ይወጣል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ መጨረሻ ላይ የገባው ከወጣው ጋር ይመሳከራል። ጥሬ ገንዘብ፣ ስቶክና ተከፋይ ሂሳብ በአንድ ወቅት እጃችሁ ላይ ያልፋሉ። የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የቁጠባና ብድር ማኅበራትም ጋ ጠይቁ። ኦሮምኛ የሚናገርና የሚጽፍ እዚህ በግልጽ ይቀድማል። የማትችሉ ከሆነ ከሁለተኛው የፒችትሪ ኮርስ በፊት ኦሮምኛውን አስቀድሙ።

ባንኮች አዲስ ምሩቅ በብዛት የሚቀጥሩበት ጊዜ አለ፣ ልምድም አይጠይቁም። አመልክቱ፤ ግን እሱን ብቻ እየጠበቃችሁ ቤት አትቀመጡ። «አስቀጥርሃለሁ፣ ቅድሚያ ክፈል» የሚል ደላላ ካገኛችሁ ደግሞ ስልኩን ዝጉት።

ፈተናው ቀን

«ልምድ አለህ?» ሲሏችሁ «የለኝም፤ ግን የአንድ ሱቅ የአንድ ወር ሂሳብ ሠርቼ ይዤ መጥቻለሁ» በሉና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጉት። እኔ ሁለተኛው ፈተና ላይ እንዲህ ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ሲቪዬን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ሦስተኛውን ክምር አገላብጠው አዩ። «ይቺን የጋሪ ወጪ ምን አደረግካት?» አሉኝ። ስለ ጋሪ 20 ደቂቃ አወራን።

ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ላይ ርክክብ አለ። ካዝናውን ከፊት የነበረው ሰው ባለበት ቁጠሩ፣ ያገለገለውንና ያላገለገለውን የደረሰኝ ጥራዝ ከነቁጥሩ ጻፉ፣ ከዚያ ፈርሙ። «ኧረ በኋላ ትቆጥራለህ፣ አሁን ፈርም» የሚል ሰው አይጠፋም። በፈገግታ እንቢ በሉት።